ቤት ውስጥ ይሠራ ወይስ ተሠርቶ ይገዛ? ለቤተሰብ ምግብና ለቤት ማጽጃ የምርጫ መመሪያ

ለቤተሰባችሁ ጤና ብላችሁ ጊዜና ጉልበት ልታወጡ ከሆነ መጀመሪያ የት ላይ እንደምታወጡት ምረጡ። ሁሉንም ነገር ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። አንዳንዱን ነገር ቤት መሥራት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። አንዳንዱ ልፋት ብቻ ነው። አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት፣ ጭራሽ አደገኛ ነው።

ሁለት አማራጭ ሲቀርብልኝ እኔ የማስቀድማቸው ጥያቄዎች አሉ። በየቀኑ የምንጠቀመው ነገር ነው ወይስ አልፎ አልፎ? ቤት ብሠራው በእጄ የምቆጣጠረው ነገር ምንድን ነው? ቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው አለ? ብሳሳት ምን ይከተላል? «ተፈጥሯዊ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ማሸጊያ ላይ በትልቁ የተጻፈ አረንጓዴ ቃል ስለ ውስጡ የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው፤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ግን ብዙ ይነግረናል።

መጀመሪያ በየቀኑ የሚበላው

እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥሩ ሙከራ አድርጎ ነበር። 20 ጎልማሶች እዚያው ተቋሙ ውስጥ እየኖሩ ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ በእጅጉ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ጨው፣ ቅባትና አሰር በሁለቱም በኩል ተመጣጣኝ እንዲሆን ተደርጓል፤ ሰዎቹም የፈለጉትን ያህል እንዲበሉ ተነገራቸው። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ትርፍ በሉ፣ በሁለት ሳምንትም አንድ ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ክብደት ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ቤት ማብሰልን በሙሉ ልቤ የምደግፈው ለዚህ ነው። ግን «ቤት የተሠራ» ማለት ብቻውን ጤናማ ማለት አይደለም። ሁለት ብርጭቆ ስኳር የገባበት ኬክ ቤትም ቢጋገር ሁለት ብርጭቆ ስኳር አለው።

ስለዚህ ቤት መሥራት የሚያዋጣው ስኳሩ፣ ጨውና ዘይቱ በእናንተ እጅ ሲሆን ነው። በዚህ ሚዛን እርጎ አንደኛ ይወጣል። የሚሸጠው ጣዕም የተጨመረበት እርጎ በ100 ግራም ከ10 ግራም በላይ ስኳር ሊኖረው ይችላል። ምንም ያልገባበት ተራ እርጎ ላይ የምታዩት 4 ወይም 5 ግራም ግን የወተቱ የራሱ ስኳር ነው፣ አያሳስባችሁ። ከዚያ በላይ ያለውን የጨመረው ሰው ነው። ቤት ለመሥራት ወተቱን 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እስኪደርስ ታሞቁና ወደ 43 ዲግሪ እስኪበርድ ትጠብቃላችሁ፤ ጣት ሲነኩት ሞቅ ያለ ግን የማያቃጥል ማለት ነው። ከዚያ አንድ ሁለት ማንኪያ ተራ እርጎ እንደ እርሾ ጨምራችሁ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሙቀቱ ሳይወርድ ታቆዩታላችሁ። ፍራፍሬ ከትፋችሁ ስትጨምሩበት ልጆች ከተገዛው ይልቅ ይወዱታል፤ መጀመሪያ ላይ «አይጣፍጥም» ቢሉም ምላሳቸው ይለምዳል። ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ተራውን ገዝታችሁ ፍራፍሬ ጨምሩበት። ልዩነቱ እምብዛም ነው፣ ቤት ካልሠራሁ ብላችሁ አትጨነቁ።

ጁስ ላይ ግን ሐሳቤ ይለያል። ብዙ ወላጅ «እቤት ጨምቄ ነው የምሰጠው» ብሎ ይረጋጋል። አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ቤት ቢጨመቅም 20 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ የፍሬው አሰር ደግሞ አብዛኛው መጭመቂያው ላይ ቀርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጭማቂ የሚገኘውን ስኳር ማኪያቶ ውስጥ ከምትጨምሩት ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን አይቆጥርም። ስለዚህ ምርጫው በታሸገ ጁስና በቤት ጁስ መካከል ሳይሆን በጁስና በፍሬው መካከል ነው። ፍሬውን ስጧቸው፣ የሚጠጡት ውሃ ይሁን። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጁስ ጭራሽ እንዳይሰጥ ይመክራል።

ድልህ፣ ካቻፕ፣ የሰላጣ ማጣፈጫ፣ የሾርባ ኩብ፣ ለቁርስ የሚሆን ጥራጥሬ፦ ጨውና ስኳር ተደብቆ የሚገባው በእነዚህ ነው። ሁለት ማሸጊያ ስታወዳድሩ የአንዱን ኩባንያ «በአንድ ምግብ» (በአንድ ጊዜ ይበላል የሚባለው መጠን) ከሌላው «በአንድ ምግብ» ጋር አታነጻጽሩ፣ መጠኑን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ራሱ ኩባንያው ነውና። ሁልጊዜ በ100 ግራም የሚለውን አምድ ተመልከቱ። የገባው ነገር ዝርዝርም የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ካለ፣ ወይም ግሉኮስ ሲረፕ፣ ማልቶዝ፣ ዴክስትሮዝ እየተባለ በተለያየ ስም ተበታትኖ ከገባ፣ መልሱት። ሶዲየም ብቻ ከተጻፈ በ2.5 አባዙት፣ ጨዉን ታገኛላችሁ። እንግሊዞች ለማሸጊያ በሚጠቀሙበት መለኪያ በ100 ግራም ከ1.5 ግራም በላይ ጨው ወይም ከ22.5 ግራም በላይ ስኳር ያለው ምግብ ቀይ ምልክት ያገኛል። ይህንን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ሱቅ ውስጥ በጣም ይጠቅማል።

ነጭ ስኳር፣ ቡናማ ስኳር ወይስ ማር?

እውነቱን ልንገራችሁ፦ ለሰውነት ሦስቱም ስኳር ናቸው። ቡናማው በአብዛኛው ነጩ ላይ ትንሽ ሞላሰስ የቀረበት ወይም የተመለሰበት ነው፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ከቁም ነገር የሚጻፍ አይደለም። ማር ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ጣፋጭነቱም ከስኳር ስለሚበረታ ትንሽ ሊበቃችሁ ይችላል፤ ቢሆንም የሚቆጠረው ከስኳር ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምንበላው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን ይላል። ይህ ለአንድ ጎልማሳ 50 ግራም ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል። አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 35 ግራም አካባቢ ይይዛል።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳትሰጡ። ለጉንፋንም ቢሆን፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ በምግብ ውስጥም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን፣ ሰውነትን ሽባ የሚያደርግ ከባድ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ስፖር (ዘር መሰል ጠንካራ ቅርፁ) ሊኖር ይችላል፣ የሕፃን አንጀት ደግሞ ሊከላከለው አቅም የለውም። ንጹሕ ማር፣ ከቀፎው የመጣ ማር፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ማር ቢሆንም ያው ነው።

ካሎሪ የሌላቸው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብለው እንዳይወሰዱ መክሯል። ከእነሱ ይልቅ ሻዩም ሆነ ቡናው ላይ ስኳሩን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መቀነስ ይሻላል። ምላስ ቀስ ተብሎ ሲሄድበት አያስተውለውም።

ጨው ላይ ፋሽኑን ተዉት

ሮዝ ጨው፣ የባሕር ጨው፣ ተራ ጨው። ሁሉም በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ሮዙ ያማረ ቀለም የሚያገኘው በጥቂት ብረትና ሌላ ማዕድን ነው፤ ያንን ማዕድን በሚጠቅም መጠን ለማግኘት ግን የሚጎዳ ያህል ጨው መብላት ይጠይቃል። ወሳኙ ልዩነት ሌላ ቦታ ነው፦ አዮዲን። ተራው ጨው አዮዲን ከተጨመረበት፣ ሮዙ ካልተጨመረበት፣ ተራው ያሸንፋል። አዮዲን ለታይሮይድ ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በማህፀን ላለ ልጅ አእምሮ እድገት። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ባለችበት ቤት አዮዲን ያለውን ጨው ጥሎ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ የተሸጠውን መግዛት እጅግ ያሳዝነኛል። አዮዲኑ እንዳይጠፋ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከብርሃንና ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ። መጠኑ ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም።

ዘይትና ቅቤ

ስለ ዘይት ብዙ ክርክር አለ። እኔ ነገሩን ቀለል አድርጌ ነው የማየው። ክፍል ውስጥ ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ የሚቀመጥ ዘይት ለየቀኑ ምግብ ይሻላል፦ የወይራ፣ የሱፍ፣ የካኖላ፣ የአኩሪ አተር። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ቅባት፣ በወይራና በሱፍ ዘይት ውስጥ ከ15 በመቶ በታች ነው። በፓልም ግማሽ ያህል ይሆናል። በቅቤ ከቅባቱ 60 በመቶ ያልፋል። «ተፈጥሯዊ» እየተባለ በጣም የሚወደሰው የኮኮናት ዘይት ከ80 በመቶ በላይ ነው፣ ከቅቤም ይበልጣል። አልፎ አልፎ ለጣዕም ከሆነ ችግር የለም። ለየቀኑ መጥበሻ ግን አልመርጠውም። ማንኛውም ዘይት ይሁን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ጥሩ ዘይት ማለት ዝም ብሎ የሚፈስ ማለት አይደለም።

ማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት» የሚል ቃል ካያችሁ ግን እሱን ከልባችሁ አስወጡት። ትራንስ ፋት የሚመጣው ከዚያ ነው፣ ለልብ ከሁሉም የባሰው ነው። ስትጠብሱ ዘይቱ እስኪጨስ አትጠብቁ፤ የጠቆረ፣ አረፋ የሚያወጣ፣ የሚሸት ዘይትም ደግማችሁ አታሙቁ። ድንችና ዳቦ ሲጠበስ ወርቃማ ሲሆን አውጡት። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ሳይንቲስቶች እንዳሳዩት ስታርች ያለበት ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ ወይም ሲጋገር አክሪላማይድ የሚባል ጎጂ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ነገር ይፈጠራል፣ ሲጠቁር ደግሞ ይበዛል። ሲቀቀል አይፈጠርም።

ትኩስ ወይስ ፍሪዝ የተደረገ፣ ደረቅ ወይስ የታሸገ

ይኼኛው ብዙ አያከራክርም። ፍሪዝ የተደረገ አትክልት ከማሳ እንደተለቀመ ፈላ ውሃ ነክቶት ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ቫይታሚኑ በደንብ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት የጠወለገ ስፒናች በቫይታሚን ሲ ከፍሪዙ ሊያንስ ይችላል። ጨውና ሶስ ያልተጨመረበትን ግዙ እንጂ አትፈሩት።

ምስር፣ ሽንብራ፣ ቦሎቄ ደረቁን ገዝቶ መቀቀል ይረክሳል፣ ጨዉም በእጃችሁ ነው። የታሸገው ደግሞ ለቸኮለ ሰው ጥሩ ነው፤ ውሃውን ደፍታችሁ በደንብ ካለቀለቃችሁት ከሶዲየሙ ብዙው ይሄዳል። ቀዩን ቦሎቄ ግን በጥንቃቄ ያዙት። ጥሬው ውስጥ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ነገር አለ፤ ጥቂት ፍሬ እንኳን ያስመልሳል። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 30 ደቂቃ በደንብ ሲንተከተክ ይፍላ። በዝቅተኛ ሙቀት ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን መክተት አይሆንም። እሱ መርዙን ጨርሶ አያጠፋውም፣ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል።

ዳቦ ላይ ቀለሙ አያታላችሁ። ቡናማ የሆነ ሁሉ ከነፍሩሽካው የተፈጨ አይደለም፤ ቀለም የተጨመረበት አለ። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ሙሉ ስንዴ» መሆኑን እዩ። ቤት ከጋገራችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አትቀይሩት፣ ቤተሰቡ ያምፅባችኋል። ሩብ ያህሉን ቀይራችሁ ጀምሩ። ከነፍሩሽካው የተፈጨ ዱቄት ውስጡ ዘይት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፤ ትንሽ ትንሽ ግዙ ወይም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።

ቤት የማይሠራ

ቤት መሥራትን እንደምወድ ካያችሁ በኋላ ይህንን ስል በቁም ነገር ስሙኝ።

የሕፃን ፎርሙላ ወተት ቤት አይሠራም። በኢንተርኔት የሚዞረውን አሠራር እርሱት። የላም ወተትም ይሁን የፍየል፣ የለውዝም ይሁን የሩዝ ውሃ፣ ለሕፃን የሚያስፈልገውን ማዕድንና ቫይታሚን በልኩ ማመጣጠን ወጥ ቤት ውስጥ አይቻልም፤ ጨዉ በዝቶ ወይም ካልሲየሙ አንሶ ሆስፒታል የገቡ ሕፃናት አሉ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት፣ እሱ ካልሆነ በፋብሪካ የተሠራው፣ በተጻፈበት ልክ ተበጥብጦ። ከ6 ወር በኋላ የሚጀመረውን ተጨማሪ ምግብ ግን ቤት መሥራት በጣም ጥሩ ነው። ከቤተሰቡ ድስት ጨው ሳይገባ ቀድማችሁ አውጡና አድቅቁት፣ ስኳርም አትጨምሩ።

ያልፈላ ወተት ሌላው ነው። «ጥሬው ይሻላል፣ ጥቅሙ አልጠፋም» ይባላል። ፓስቸራይዝ ማድረግ ማለት 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሰከንድ ወይም 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ ማሞቅ ነው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ እዚያው ናቸው። የሚሞቱት ብሩሴላ፣ ሊስቴሪያ፣ ሳልሞኔላ የሚባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ናቸው። በተለይ ነፍሰ ጡርን ሊስቴሪያ ፅንስ ሊያሳጣት ይችላል። እዚህ ላይ ለምርጫ የሚቀርብ ነገር አይታየኝም።

አትክልትና ሥጋን በጠርሙስ አሽጎ ወር ማቆየትም እንዲሁ። ኮምጣጤ የሌለበት የታሸገ ምግብ ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ አየር ሳይፈልግ ይራባል፣ ስፖሩም በተራ መፍላት አይሞትም፤ በልዩ የግፊት ድስት ከ116 ዲግሪ በላይ መድረስ አለበት። ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ዘፍዝፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም ከዚሁ ይቆጠራል። ከሠራችሁት ፍሪጅ ውስጥ ይሁን፣ በአራት ቀን ውስጥ ይለቅ። ማቆየት የምትፈልጉትን ወደ ፍሪዘር ክተቱት፣ ከሁሉም ቀላሉና አስተማማኙ እሱ ነው። የበሰለ ምግብም ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፣ በተለይ ሩዝ።

ድስት፣ መጥበሻና ማስቀመጫ

ማይዝግ ብረት ለሁሉ ይሆናል፣ ዕድሜም አለው። የብረት ምጣድና ድስት ክብደቱ እንጂ ሌላ ክፋት የለውም፤ ቲማቲምና ሎሚ የገባበት ምግብ ሲበስልበት ትንሽ አይረን ወደ ምግቡ ይገባል፣ ይህ ደም ማነስ ላለበት ሰው ደግ ነው። አልሙኒየም ላይ ኮምጣጣ ምግብ አታሳድሩ። የማይጣበቀው መጥበሻ ዘይት ይቆጥባል፣ እንቁላል ይሠራበታል፤ ባዶውን እሳት ላይ ጥዳችሁ አትሂዱ፣ ምክንያቱም ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ መበላሸትና ጎጂ ጢስ ማውጣት ይጀምራል። የእንጨት ማንኪያ ተጠቀሙ፣ ሽፋኑ ሲላላጥ መጥበሻውን ቀይሩት።

ፕላስቲክ ላይ ደንቤ አጭር ነው፦ ትኩስ ምግብና ቅባታም ምግብ አይገባበትም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገባም። ለደረቅ ነገር ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ቢፒኤ (ጠንካራ ፕላስቲክ ለመሥራት የሚገባ ኬሚካል) ያለበትን የሕፃን ጡጦ ከልክሏል፤ «ከቢፒኤ ነፃ» የሚል ቢጻፍበትም ግን በምትኩ የገባው የቅርብ ዘመዱ ሊሆን ስለሚችል ሙቀት ካለ ብርጭቆ ይሻላል። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ የጃም ጠርሙስ አጥባችሁ አስቀምጡ።

ማጽጃ፦ ኮምጣጤ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሳሙና ወይስ በረኪና?

ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም አራቱ የሚሠሩት የተለያየ ሥራ ሆኖ ሳለ አንዱ የሌላው ምትክ ተደርገው ይቀርባሉ። ማጠብ ሌላ ነው፣ ጀርም መግደል ሌላ።

ሳሙና አንድ ጫፉ ውሃ ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት። ቆሻሻውን ከነጀርሙ ነቅሎ በውሃ ይወስደዋል። ለዘጠና በመቶው የቤት ሥራ ሞቅ ያለ ውሃና ተራ ሳሙና ይበቃል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። «ፀረ ባክቴሪያ» የሚለውን ለእጅ መታጠቢያ መግዛት አያስፈልግም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮችን ከእጅ ሳሙና ውስጥ ያስወጣው ከተራ ሳሙናና ውሃ እንደሚበልጡ ማስረጃ ስላልቀረበ ነበር።

ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት፣ ቧንቧ ጫፍ ላይ የሚደርቀውን፣ የሻወር መስታወት ላይ ያለውን ነጠብጣብ ያሟሟል። እኩል ውሃ ጨምራችሁ አፍልታችሁ ትንሽ ካቆያችሁት በኋላ ማንቆርቆሪያው አዲስ ይመስላል። በዚህ ሥራ ውድ ኬሚካል አያስፈልጋችሁም። ግን ቅባት አይነቅልም። እብነ በረድን ይበላል። አስተማማኝ ጀርም ገዳይም አይደለም፤ ጥሬ ዶሮ የተከተፈበትን ሰሌዳ በኮምጣጤ ወልውሎ መተው አይበቃም።

ቤኪንግ ሶዳ ለስላሳ መፈግፈጊያ ነው፣ ሽታም ይይዛል። የተቃጠለ ድስት ላይ ከውሃ ጋር ለውሳችሁ አሳድሩት። ብዙ ሰው ከኮምጣጤ ጋር ቀላቅሎ አረፋውን አይቶ ደስ ይለዋል፤ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ ኮምጣጤውና ሶዳው ተጣፍተው የሚቀረው ከውሃ ብዙም የማይሻል ጨዋማ ፈሳሽ ነው። ለየብቻ ተጠቀሙባቸው። ቀላቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ አትክደኑት፣ ይፈነዳል። ፈሳሽ የአትክልት ዘይት ሳሙናን ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀልም ያው ነው፦ ሳሙናው ተበጥብጦ ወደ ቅባት ይመለሳል።

በረኪና ስሙ ያስፈራል፣ ተገቢ ቦታ ግን አለው። ቤት ውስጥ ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ሰው ካለ፣ ሽንት ቤቱንና የተነካካውን ነገር በኮምጣጤ ለማጽዳት መሞከር ለቀሪው ቤተሰብ አደጋ ነው። መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ለ49 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። ይህ 1 ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ አድርጉና አለቅልቁት። የተበጠበጠው አቅሙን ስለሚያጣ ከ24 ሰዓት በላይ አታቆዩት። መስኮት ይከፈት፣ ጓንት ይደረግ። ለየቀኑ ወለል ማጽጃ ግን አታድርጉት።

በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያም ጋር፣ ከአልኮልም ጋር አይቀላቀልም። ይህን ቤት ለሚያጸዳ ሁሉ፣ ለታዳጊ ልጆችም ጭምር ንገሩ። የትኛውንም ማጽጃ የውሃ ወይም የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ አትገልብጡ፤ ልጅ የሚጠጣው እንደዚያ ነው።

ልብስ ላይ በቤት የተፈጨ ሳሙናና ሶዳ ቀላቅለው የሚያጥቡ አሉ። ውሃችሁ ካልሲየም የበዛበት ከሆነ ሳሙናው ጨርቁ ላይ እየጋገረ ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ ላብም ይይዛል። እኔ የምመርጠው ሽቶ የሌለበት የተገዛ የልብስ ሳሙና ነው፣ በተጻፈው ልክ። አብዛኞቻችን ከሚገባው በላይ ነው የምንጨምረው። ቦራክስ የሚባለው የማጠቢያ ዱቄትም «ተፈጥሯዊ ማዕድን ነው» እየተባለ ይመከራል፤ የአውሮፓ ኅብረት ግን ለመራባት ጎጂ ብሎ መድቦታል፣ ልጅ ባለበት ቤት አላስገባውም።

ሽታ፣ ሽቶና ስፕሬይ

ንጹሕ ቤት የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ ሊኖረው አይገባም፣ ምንም ባይሸት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ከ6000 በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ተከታትሎ፣ ስፕሬይና ሌሎች ማጽጃዎችን አዘውትረው የሚጠቀሙ ሴቶች የሳንባቸው አቅም ከሌሎቹ ሴቶች ፈጠን ብሎ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ፈሳሹ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳን የሚረጨውን ትታችሁ ጨርቅ ላይ አፍስሳችሁ መወልወል ይሻላል፤ ጭጋጉ ወደ ሳንባ አይገባም። አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ይህ ከሁሉም ምርጫዎች በፊት ይምጣ።

ከእፅዋት የሚወጡ የሽቶ ዘይቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። የባሕር ዛፍ ዘይት በትንሹ ቢጠጣ ልጅን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል፣ የሻይ ዛፍ ዘይት ድመትን ይመርዛል። ቆልፋችሁ አስቀምጡ። «ሽቶ» ወይም «ፓርፉም» የሚለው አንድ ቃል ብዙ ንጥረ ነገር ሊይዝ ስለሚችል ቆዳው የሚያሳክከው ሰው ካለ «ከሽቶ ነፃ» የሚለውን ፈልጉ። «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ከ«ከሽቶ ነፃ» ጋር ካወዳደራችሁ ሁለተኛውን ምረጡ። ገለልተኛ አካል መርምሮ የሚሰጠው ምልክት፣ ለምሳሌ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአውሮፓ ኢኮሌብል (ለአካባቢ ተስማሚ ለሆነ ምርት የሚሰጥ የአበባ ምልክት)፣ ኩባንያው ስለ ራሱ ከሚጽፈው ይታመናል።

ለቆዳና ለጥርስ

ቤት የተሠራ ሳሙና ደስ ይላል፣ ግን ለስላሳ ነው ማለት አይደለም። እውነተኛ ሳሙና ሁሉ ፒኤችው (የአሲድነት መለኪያው) 9 ወይም 10 ነው፤ ኤግዚማ (የሚያሳክክ የቆዳ ሕመም) ላለበት ቆዳ ወደ 5.5 የሚጠጋ፣ ሳሙና ያልሆነ ማጠቢያ ይሻላል። ቤት የሚሠራ ሎሽን ውሃ ከገባበት በቀናት ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል። ደረቅ ቆዳ ላይ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ይበቃል፣ ርካሽም ነው። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቤት አይሠራም፤ ፀሐዩን የሚከላከለው ዚንክ በእኩል መሰራጨቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ የሚቃጠለው ደግሞ ልጁ ነው።

የጥርስ ሳሙና ስትመርጡ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ ፍሎራይድ፣ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ውስጥ ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳይ መለኪያ)። ብዙ «ተፈጥሯዊ» የተባሉት የላቸውም፤ በከሰልና በቤኪንግ ሶዳ ቤት የሚሠራውም የለውም፣ ከሰሉ ደግሞ የጥርሱን ሽፋን ይፈገፍጋል። ፍሎራይድ ልጅ ይጎዳል ብላችሁ ከፈራችሁ መልሱ መጠኑን መቀነስ ነው። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ደግሞ የአተር ፍሬ የምታህል አድርጉለት። ሲጨርስ ይትፋው፣ በውሃ ግን አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይለት።